እንዴት ከረማችሁ? ስለ ወቅት፣ ስለ ሥራና ስለ መጠያየቅ



የዛሬውን ንግግር እንዳቀርብ በተጋበዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ አማርኛ ግስ እርባታ የጀመርሁትን ጥናት ይዤ ለመቅረብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ባለፈው ነሐሴ ያጋጠመኝ አንድ ነገር ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ቢሆንም ከግስ ፈጽሜ አልራቅሁም፤ የዛሬው ርእሴ በአንድ ግስ ላይ የቆመ ነውና። ግሱም «ከረመ» ነው። ቀኑም ገጥሞልኛል። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ስለሆነ፣ ምንም እንኳ ዝናቡ ቀድሞት ቢመጣ፣ በሕጉ የገባው ትናንት ነው። ድምፄ በቆርቆሮው ጩኸት ቢዋጥባችሁ እጃችሁን አንሡ፤ በዚህ አዳራሽ ሐምሌን ያስተማረ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ መጠበቅን ለምዷል።

አማርኛ ሰላምታውን በጊዜ ይሰፍራል። ጠዋት ተለያይተው ማታ የሚገናኙ ሰዎች «እንዴት ዋልህ» ይባባላሉ፤ በመካከላቸው ሌሊት ያለፈ እንደሆነ «እንዴት አደርህ»፤ ቀናት ካለፉ «እንዴት ሰነበትህ»። «ሰነበተ» ከሰንበት ጋር ሥር የሚጋራ ግስ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰንበት በመካከላችን አልፏል እንደ ማለት ነው። ወራት ሲያልፉ ደግሞ «እንዴት ከረምህ» ይመጣል፤ ክረምቱን እንዴት ተሻገርኸው ማለት ነው። የዚህ ግስ መንታ የሆነና ዛሬ በከተማ ብዙም የማይሰማ ሌላ ግስ አለ፤ «ባጀ»፣ በጋውን አሳለፈ። ግእዝ «ክረምት» የሚለውን ቃል ለዝናቡ ወራት ብቻ ሳይሆን ለዓመትም ይጠቀምበታል። እኛም መጪውን ዓመት «ከርሞ» እንላለን፤ ሽማግሌዎቻችን «የከርሞ ሰው ይበለን» ብለው ይመርቃሉ። ዓመቱን የተሻገረ ሰው ማለት ክረምቱን የተሻገረ ሰው ነበር።

ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ ይህን የሰላምታ መሰላል ለወግ ያህል የተደረደረ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን በውስጡ አንድ ግዴታ አያለሁ። «እንዴት ከረምህ» ለማለት ጠያቂው አስቀድሞ ከሰውየው የተለየበትን ጊዜ ማስታወስ፣ መለካትም አለበት። «አላየሁህም ነበር፤ ያላየሁት ጊዜህ ምን ይመስል ነበር?» ማለቱ ነው። ስድስት ወር ተለያይቶ ሲያበቃ «እንዴት ዋልህ» ብሎ የሚያልፍ ሰው በአገራችን ያስቀይማል፤ ማስቀየሙም ተገቢ ይመስለኛል።

«ባጀ»ን ሕያው ሆኖ የሰማሁት በክረምት መርሐ ግብር ነው። መደበኛ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ በዚያው በር ሌሎች ተማሪዎች ይገባሉ፤ እነዚህ መምህራን ናቸው። በጋውን በየወረዳቸው ሲያስተምሩ ይባጁና ክረምት ሲገባ ጠመኔውን አስቀምጠው ራሳቸው ተማሪ ይሆናሉ፤ ዲግሪያቸውንም በተከታታይ ክረምቶች ይጨርሳሉ። በነሐሴ መጨረሻ የተለያዩ ሰዎች በሚቀጥለው ሐምሌ በመኝታ ክፍሉ ደጅ ተገናኝተው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳሙ «እንዴት ባጃችሁ?» ሲባባሉ የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አውቀው ነበር። ከክረምት እስከ ክረምት በማይተያዩ ሰዎች መካከል የሚያልፈው በጋ ስለሆነ፣ በቦታው ከእርሱ የተሻለ ቃል እንደሌለ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። መልሱም «ደኅና» ብቻ አልነበረም። ማን ወለደ፣ የማን ትምህርት ቤት ጣራውን ነፋስ ወሰደው፣ የማን እናት አረፉ፣ የትኛው ልጅ ፈተናውን አለፈ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ትምህርቱ የምንገባው በጭንቅ ነበር። በጊዜው ይህን እንደ ብክነት ቆጥሬ አንድ ሁለት ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

በነገራችን ላይ ይህን መርሐ ግብር በእንግሊዝኛ «ሰመር» እያልን እንጠራዋለን። ያው ተማሪ በትርጉም ፈተና ክረምትን «ዊንተር» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ትክክል ነው እንለዋለን። በአገራችን ውስጥ እንኳ ሰማዩ አንድ አይደለም። ኦሮምኛ ዋናውን የዝናብ ወቅት «ገንና» ይለዋል፤ በወለጋ ገንና ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው፤ በቦረና ግን ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ገንናም በዚያን ጊዜ ነው። ቃሉ የተከተለው ወሩን ሳይሆን ዝናቡን ነው። ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ይከፍላል፤ መጸው፣ በጋ፣ ጸደይ፣ ክረምት። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት ብለው በሦስት። የትኛው ትክክል ነው የሚለው የዛሬ ጉዳዬ አይደለም፤ አመዳደቡ እንደ ባለሙያው ሥራ ይለያያል ማለቱ ይበቃኛል።

ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ደግሞ መንግሥታዊው ሥራችን ምን ያህል በዝናቡ ላይ እንደ ተሰፋ ማየቴ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በዚህ ሳምንት ወደ ማናቸውም መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ክፍል የሄደ ሰው ምን ማለቴ እንደ ሆነ ያውቃል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 የምክር ቤቱን የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ወስኖታል። ፍርድ ቤቶቻችን በነሐሴና በመስከረም መደበኛውን ችሎት ዘግተው አስቸኳይ ጉዳዮችን ብቻ ይመለከታሉ። ሕግ አውጪው ምክንያቱን አይጽፍም። ነገር ግን እነዚህ ወራት ወንዝ ሞልቶ ባለጉዳይ የማይሻገርባቸው፣ ገበሬውም ከእርሻው የማይነሣባቸው ወራት መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን መገመት አያዳግተውም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በእነዚሁ የክረምት ወራት ነው።

ስለዚህ ባለሙያ ሁሉ የራሱ ወቅት ነበረው፤ አለውም። የመንገድ መሐንዲስ የሆነ አብሮ አደጌ ክረምት ሲገባ የአፈር ሥራ ይቆምበታል፤ ግሬደሩና ሮለሩ ሸራ ለብሰው ይከርማሉ። በቆላ የምትሠራ ነርስ ዝናቡ ሲያባራ ነው ሥራ የሚበዛባት፤ የወባ ዋነኛ ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ናቸውና። ቴክኖሎጂም ቢሆን ወቅትን ማክበር አይሳነውም። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ምክር ይሰጣል። ገበሬው የሚደውለው ምክሩ በሚያስፈልገው ወቅት ነው፤ መሣሪያው ጠበቀው እንጂ አላሳደደውም። ይህን የምለው ቀጥሎ የምናገረው ስልክን እንደ ጠላት የማየት እንዳይመስልብኝ ነው።

የእኛ የጠረጴዛ ሠራተኞች ነገር ግን ሌላ ነው። መሐንዲሱ ወዳጄ ዛሬ ማሽኖቹ ሲቆሙ እርሱ አይቆምም፤ ክረምቱን በበይነ መረብ ስብሰባ ይከርማል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በራችንን ሲያዘጋን እኛም የማማከር ሥራችንን ወደ ስልክና ወደ ቴሌግራም አዛወርን። ወረርሽኙ ሲያልፍ በሩ ተከፈተ፤ ሥራው ግን ከስልኩ ወደ ቢሮው ተጠቃልሎ አልተመለሰም። የእኔ ስልክ እንደ ተገዛ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው፤ ጳጉሜን የለውም። ዓመቱን ዘግተን፣ ጠበል ተረጭተን፣ ቤት ጠርገን የምናርፍባቸው አምስት ቀናት ለእርሱ እንደ ማናቸውም የሥራ ቀን ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጳጉሜን 3 ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ መልእክት ላከችልኝ። «ሰላም ዶክተር፣ ምዕራፍ ሦስት ተያይዟል» ይላል። ነቅቼ ስለ ነበር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለት አንቀጽ አስተያየት መለስሁላት። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር፤ ትጉ አማካሪ ማለት ይህ ነው ብዬ። የመመረቂያ ጽሑፏን በምትከላከልበት ቀን እናቷ በኮሪደሩ ሕፃን አቅፈው ቆመው አየሁ። ስጠይቅ፣ ልጁ የተወለደው ያ ምዕራፍ ከመላኩ 11 ቀን ቀደም ብሎ ነው። አራስ ሆና፣ ጡት እያጠባች፣ በሌሊት የላከችውን ጽሑፍ «የናሙና አመራረጥሽ በቂ ማብራሪያ ይጎድለዋል» ብዬ መልሼላታለሁ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «አልጠየቁኝም እኮ» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ እየሳቀች ነው ያለችው። በዚያ ዓመት ከእርሷ ጋር ከመቶ ጊዜ በላይ ተጻጽፈናል። አንድም ጊዜ «እንዴት ከረምሽ» አላልኋትም፤ ያልተለያየን መስሎኝ ነበርና።

እንደ እኔ ግምት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ያጣነው መገናኘትን አይደለም፤ ከአባቶቻችን ይልቅ አብዝተን እንገናኛለን። የጠፋብን መለያየታችንን የምናውቅበት መንገድ ነው። ክረምቱ ይለየን ነበር፤ መለየቱንም ማንም ስለሚያውቅ መስከረም ሲጠባ መጠያየቅ ግዴታ ነበር። ዛሬ በየቀኑ አንድ ነገር ስለምንላላክ በመካከላችን ያለፈውን ዘመን አንቆጥረውም። ያልተቆጠረ ዘመን ደግሞ አይጠየቅም።

ያለፈውን ዘመን እያሞገስሁ እንዳይመስላችሁ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። በ1985 ዓ.ም. አዲስ መምህር ሆኜ የተመደብሁት ከወንዝ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ነበር፤ ድልድይ አልነበራትም። በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ስለሆነ በዚያን ጊዜ ይታሰብ እንኳ አልነበረም። ደብዳቤ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ወይም በፖስታ ይመጣል፤ ወንዙ ሲሞላ ሁለቱም ይቀራሉ። የመጀመሪያውን ክረምት እዚያው ለመክረም ወሰንሁ። አባቴ በሐምሌ አጋማሽ አረፈ። እኔ የሰማሁት መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ዐርባው ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ነሐሴ ውስጥ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብዬ ደብዳቤ ጽፌለት በኪሴ ይዤው ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው የስልክን ክፉነት ሲተርክልኝ ዝም ብዬ እሰማለሁ እንጂ አብሬ አላማም። ያን ጊዜ ስልክ ቢኖር ኖሮ አባቴን እቀብር ነበር።

መርዶውንም ማስታወስ ይገባኛል። ያመጡት ሁለት የአገራችን ሰዎችና የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ናቸው፤ ገና ሳይነጋ ነው በሬን ያንኳኩት። ጎረቤቶቼ ቀድመው ተነግሯቸው ስለ ነበር በሩን ስከፍት ብቻዬን አልነበርሁም።

ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልሞተም፤ ለእኔም ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠኝ እርሱ ነው። ማናቸውንም ወሬ በስልክ የምንልክ ሰዎች ነን፤ ሹመቱን፣ ሠርጉን፣ የሕፃኑን ፎቶ፣ ገንዘቡን ሳይቀር። መርዶን ግን አንልከውም። በዋሽንግተን ወይም በሌላ ሩቅ ከተማ የሚኖር ወገናችን እዚህ ወላጅ ሲሞትበት፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚደውለው ለእርሱ ሳይሆን በዚያው ከተማ ላሉ ወዳጆቹ ነው። ወዳጆቹ ከሥራቸው ፈቃድ ጠይቀው፣ የሥራ ቀን ከሆነም ሰንበትን ጠብቀው፣ በማለዳ ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። እስከዚያ ድረስ ዜናው ማኅበራዊ መገናኛው ላይ እንዳይወጣ የሚደረገው ጥንቃቄ የመንግሥት ምሥጢር ያስመስለዋል። አንዳንዴ አይሳካም፤ ልጁ የአባቱን ፎቶ ከሻማ ጋር አይቶ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ የሚቆጨው ሞቱ ብቻ ሳይሆን አሰማሙ ነው። ይህን ደንብ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም በስብሰባ አልወሰነውም። ማኅበረሰቡ ከመልእክቶቹ ሁሉ መካከል አንዱን ለይቶ «ይህ ሰው ይፈልጋል» ብሏል። እኔ ራሴን የጠየቅሁት፣ ሰው የሚፈልገው መልእክት ይህ አንዱ ብቻ ስለ መሆኑ ማን አረጋገጠልኝ? የሚል ነው።

አሁን ወደ ነሐሴው ልመለስ። ጥያቄው የመጣብኝ ከዚያ ነውና።

በዚህ ክፍለ ትምህርት ለ11 ዓመት አንድ ቢሮ የተጋራሁት አንጋፋ መምህር ነበረኝ። ታሪኩን እንድናገር ፈቃዳቸውን ጠይቄ ሰጥተውኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ጽሑፌን ሁሉ ቀድመው የሚያነቡልኝ እርሳቸው ነበሩ፤ ነጠላ ሰረዝ በሌለበት ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ በሌለበት አራት ነጥብ በቀይ ያስገቡ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰፈራቸው ስለ ራቀ አልሄድሁም። ግን አልረሳኋቸውም፤ ወይም እንደዚያ አስብ ነበር። በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ መልካም ምኞቴን በስልክ እልክላቸዋለሁ፤ መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ «እንካን አብሮ አደረሰን»። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው ነሐሴ በዚያ ሰፈር ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ወደ ቤታቸው ገባሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ማነው?» አሉ። ስሜን ስነግራቸው ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ የዘረጉት ግን ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ነበር። «እንዴት ከረምህ?» አሉኝ። እኔም ግራ ገብቶኝ፣ «ጋሼ፣ በፋሲካ እኮ ተጻጽፈናል» አልሁ። «እኔ አልጻፍሁም» አሉ። ግላኮማ ነው። ሁለቱም ዐይናቸው ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስልኩን የያዘችው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ለሚመጣው ሰላምታ ሁሉ መልስ የምትሰጠው እርሷ ናት፤ ማን እንደ ላከም ሁልጊዜ አትነግራቸውም፤ ብዙ ነውና።

እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ። ከእጅ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው ተለውጦ እንደ ሆነ በፊደል አጣጣል እንዴት እንደሚታወቅ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። እኚህ ሰው በሕይወታቸው «እንኳን»ን «እንካን» ብለው አይጽፉም፤ ያለ አራት ነጥብም ዐረፍተ ነገር አይዘጉም። ማስረጃው በየበዓሉ በእጄ ላይ ነበር። አይቼው ነበር እኮ። «የስልክ ፊደል ሰሌዳ አስቸግሯቸው ይሆናል» ብዬ ነው ያለፍሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ይህን የማነሣው ልመሰገንበት አይደለም፤ ሦስት ዓመት ዘግይቻለሁ። የሚፈልጉት ምን እንደ ሆነ ሲናገሩ መጽናናትን አላሉም፤ የሚነበብ ነገር ነው ያሉት። የክረምት ተማሪዎቼን ድርሰት ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ ጆሯቸው እንደ ዐይናቸው ሆኖ ነጠላ ሰረዝ የጎደለበትን ቦታ «እዚህ ጋ ትንፋሽ አጠረህ» ብለው ያስቆሙኛል። ባለፈው አንዱን ድርሰት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከአርሲ የመጣ መምህር ስለ ገብስ አጨዳ የጻፈው ነው። ተማሪውን ስነግረው አላመነኝም።

አንዱ ችግር ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ወደ ሰፈራቸው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው፤ እኔም በክረምት መርሐ ግብሩ የማስተምረው ቅዳሜን ጨምሮ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ወራት በእኔ ፈንታ የሚሄዱ ሰዎች እፈልጋለሁ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ እርሳቸው ያስተማሯችሁ ጥቂት አይደላችሁም፤ ስለ ማን እንደምናገር ከቀይ እስክርቢቶው አውቃችኋል። አንድ ሰዓት ማንበብ በቂ ነው። ቡና አለ። ስልክ ደውላችሁ መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ ከቤት አይወጡም።

የስም መመዝገቢያ ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ዝናቡ ሲያባራ ስትወጡ ታገኙታላችሁ። እስከዚያ ድረስ ጥያቄ ያላችሁ እቀበላለሁ።